ከአየርላንድ የተሰደደው የኬኔዲ ቤትና ቤቱን ያቆመችው ሴት



ጆን ኬኔዲ የተባለውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ቅድመ አያቱን ብሪጂት መርፊን ግን የሚያውቃት የለም ማለት ይቻላል። የዚያ ቤት ታሪክ ሲነሣ የሚቆጠረው ወንድ ወንዱ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ቤቱን ከመበተን ያዳነችው እሷ ነች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1845 ዓ.ም. አየርላንድ አገር ድንቹን በሽታ መታው። የድሀው ገበሬ ምግብ ድንች ነበርና በጥቂት ዓመት ውስጥ ወደ 1 ሚሊዮን ሰው አለቀ፤ ሌላው ሚሊዮን ደግሞ በመርከብ እየተሳፈረ ተሰደደ። አገሩን ያኔ የሚገዛው እንግሊዝ ነው። ሕዝቡ እየተራበ እህል ወደ እንግሊዝ አገር ይጫን ነበር። የአየርላንድ ሰው ይህን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ እንዴትስ ይረሳል?

ከተሰደዱት አንዱ ዌክስፎርድ በሚባለው አውራጃ የዳንጋንስታውን ሰው ፓትሪክ ኬኔዲ ነው። ቦስተን ከተማ ወደቡ አጠገብ ተቀመጠና በርሜል መሥራት ያዘ። በ1849 ዓ.ም. የአገሩን ልጅ ብሪጂትን አገባ። አምስት ልጆች ወለዱ። የመጀመሪያው ወንድ ልጅ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ፓትሪክም ኖቬምበር 22 ቀን 1858 ዓ.ም. አረፈ። ሦስት ሴቶች ልጆችና የ10 ወር ሕፃን በእጇ ቀሩ።

እንግዲህ አስቡት፤ በሰው አገር፥ ያለ ባል፥ አራት ልጅ ይዞ! ያን ጊዜ ቦስተን ውስጥ አየርላንዳዊና ካቶሊክ መሆን የሚያስንቅ ነበር። እሷ ግን ልጆቿን አልበተነችም። መጀመሪያ ተቀጥራ ሠራች፤ ኋላ የራሷን ትንሽ ሱቅ ከፈተች። ያ ሕፃን፥ ፓትሪክ ጆሴፍ፥ በልጅነቱ ትምህርቱን አቋርጦ ወደብ ላይ በኩሊነት ሠራ፤ ከዚያ መጠጥ ቤት ገዛ፤ በ1880ዎቹ የማሳቹሴትስ ምክር ቤት አባል ሆነ። ብሪጂት በ1888 ዓ.ም. የልጅ ልጇ ጆሴፍ ሲወለድ ደርሳ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ሞተች።

ይህ ጆሴፍ በ1938 ዓ.ም. የአሜሪካ አምባሳደር ሆኖ ለንደን ገባ። ረሀብ ያሰደደው ሰው የልጅ ልጅ እኮ ነው! ልጁ ጆን በ1961 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1963 ዓ.ም. ጁን ወር ዳንጋንስታውን ድረስ ሄዶ ከዘመዶቹ ጋር ሻይ ጠጣ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 22 ቀን ተገደለ፤ ቅድመ አያቱ ፓትሪክ በሞተበት ቀን መሆኑ ነው። የአየርላንዱ ፕሬዚዳንት ዴ ቫሌራም ሆኑ የእኛው ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ቀብሩ ላይ ተገኝተዋል። ጃንሆይ ባለፈው ወር እዚያው ዋሽንግተን የሟቹ እንግዳ ነበሩ።

ታዲያ የብሪጂት ዘር እንዴት ተገኘ ቢባል፥ የካቶሊክ ቄሶች ጋብቻና ክርስትና ሲመዘግቡ የሴቷን የአባቷን ቤት ስም ጭምር ስለሚጽፉ ነው። መርፊ መባሏ የቀረልን በዚህ ነው። በእኛ አገር ሴት ብታገባም የአባቷን ስም አትጥልም፤ ይህ መልካም ልማድ ነው። የእድራችንን መዝገብ ብታዩ ግን «አቶ እገሌ ከነባለቤቱ» ይላል፥ በቃ። የልጅ ልጅ መጥቶ ቢጠይቅ ምን እናሳየዋለን? ስለዚህ የእያንዳንዷ ባለቤት ስም ከነአባቷና ከነትውልድ ቦታዋ እንዲጻፍ ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ በአጀንዳ እንዲያዝልኝ የእድሩን ጸሐፊ ጠይቄአለሁ።