ከእገዳ ወደ ልኬት፦ ስለ ስኳር ሕመምና ስለ እንጀራ የተሰጠ ምክር ታሪክ

በምሠራበት የስኳር ክትትል ክፍል አዲስ ታካሚ ሲመጣ ከመድኃኒቱ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለ እንጀራ ነው። «እህቴ፣ እንጀራ ጭራሽ ልተው?» ይሉኛል። ሳይጠይቁ ትተው የሚመጡም ብዙ ናቸው፤ ጎረቤት ወይም ዘመድ ከልክሏቸዋል። ከእነዚህ መካከል ኢንሱሊን የሚወጉ አሉ። መርፌውን እንደታዘዘው ይወጋሉ፣ ራት ግን አይቀምሱም። ሌሊት ስኳራቸው ወርዶ፣ በላብ ተጠምቀውና እየተንቀጠቀጡ ይነቃሉ። እኔ ነርስ ነኝ፤ ይህን ክልከላ በተግባር ስታገለው ኖሬአለሁ። ከየት እንደመጣ ለማወቅ ስል የሕክምናውን ታሪክ አገላበጥኩ፤ ያገኘሁትም የሚያሳዝንም የሚያኮራም ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1776 ማቲው ዶብሰን የተባለ የሊቨርፑል ሐኪም የታካሚውን ሽንት በእሳት አትንኖ የቀረውን ነጭ ዝቃጭ መረመረ። እንደ ስኳር የሚሸት፣ እንደ ስኳር የሚጣፍጥ ነበር። የደሙም ውሃ ጣፋጭ መሆኑን አስተዋለ። ስኳሩ በደም ውስጥ ካለ ከምግብ የመጣ ነው የሚለው ሐሳብ ከዚህ በኋላ መንገድ አገኘ። በ1797 የእንግሊዝ መድፈኛ ጦር ሐኪም ጆን ሮሎ በዚሁ ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ ሜሬዲት የተባለ ወፍራም ሻምበል እንዴት እንዳከመ ጻፈ። ምግቡ ከሞላ ጎደል ሥጋና ስብ ነበር፤ ከደምና ከሞራ የተሠራ ቋሊማ፣ ቆይቶ የሸተተ የአሳማ ሥጋ። ዳቦ የቀረበለት በጣም በጥቂቱ ነው። የሻምበሉ ሽንት ስኳሩን አጣ። የመጀመሪያው ታዋቂ እገዳ ይህ ነው፤ ለዚያ ሰው ደግሞ ሠርቷል።

ቀጥሎ የመጣው ፈረንሳዊው አፖሊኔር ቡሻርዳ ነው። የፕሩሲያ ጦር በ1870 ፓሪስን ከቦ ከተማዋ ስትራብ ከታካሚዎቹ አንዳንዶቹ ሽንታቸው ከስኳር ነጻ እንደሆነ አየ። ከዚያ የሚበላው ምግብ መጠን ራሱ ወሳኝ መሆኑን ተገነዘበ። ታካሚዎቹን ጥቂት እንዲበሉ፣ እንዲሠሩና እንዲንቀሳቀሱ አዘዘ፤ ሽንታቸውን ራሳቸው እንዲመረምሩም አስተማረ። ዛሬ ከጣታቸው ጫፍ ደም ወስደው የሚለኩ ሰዎች አባት ማን ነው ብባል፣ እሱን እጠራለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ሲነበብ ልብ ያደማል። በኒው ዮርክ የሮክፌለር ተቋም የሚሠራው ፍሬድሪክ አለን ከ1914 ጀምሮ ታካሚዎቹን በረሃብ ማከም ያዘ። ስኳር ከሽንት እስኪጠፋ ይጾማሉ፤ ከዚያ ምግቡ በጥቂቱ ይጨመራል፤ ስኳር ብቅ ሲል እንደገና ይጾማሉ። አትክልት እንኳን ሦስት ጊዜ ይቀቀልና ውሃው ይደፋል፤ የቀረው ስታርች ተጠርጎ እንዲወጣ። በእርሱ ክትትል ሥር የነበረ፣ በሕመሙ ዓይኑ የጠፋ የ12 ዓመት ልጅ ነበር። ጾሙን ይዞ ሳለ ስኳሩ አልወርድ አለ። ሲመረመር፣ የጥርስ ሳሙናና በወፍ ቤት ለተቀመጠች ወፍ የሚሰጠውን እህል እየበላ ኖሯል። ልጁ አልተረፈም።

ይህን ያነበብኩ ዕለት አለንን ጨካኝ ለማለት ቸኩዬ ነበር። አሁን እንዲህ አልልም። ኢንሱሊን የማያመነጭ ልጅ በዚያ ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይሞታል፤ በአለን እጅ የነበረው ብቸኛ መሣሪያ ረሃብ ነው። በረሃቡ የገዛው ጊዜ ለአንዳንዶች የመዳን ጊዜ ሆኗል። ከእነርሱ አንዷ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት የቻርልስ ኢቫንስ ሂዩዝ ልጅ ኤልሳቤጥ ናት። በ1919 በ11 ዓመቷ ታመመች። በነሐሴ 1922 ቶሮንቶ ስትደርስ 15 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀናት ይቀሯታል፤ ክብደቷ ግን 20 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው።

ቶሮንቶ ያደረሳት ኢንሱሊን ነው። ፍሬድሪክ ባንቲንግ፣ ቻርልስ ቤስት፣ ጄምስ ኮሊፕና ጆን ማክሊዎድ ከእንስሳት ቆሽት ያወጡት መድኃኒት ጥር 11 ቀን 1922 ለ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምሰን ተሰጠ። የመጀመሪያው መርፌ ንጹሕ ስላልነበር ብዙ አልረዳውም፤ ኮሊፕ አጣርቶ ያዘጋጀው ግን ከ12 ቀን በኋላ ሠራ። ኤልሳቤጥም መርፌ ከጀመረች በኋላ ለዓመታት የተከለከለችውን ነጭ ዳቦ በላች። ክብደቷ ተመለሰ፣ አገባች፣ ወለደች፤ የሞተችው በ1981 ነው።

ኢንሱሊን ግን አዲስ ችግር ይዞ መጣ። መርፌ ተወግቶ ያልበላ ሰው ስኳሩ ይወርዳል፣ ራሱን ይስታል። ስለዚህ ሐኪሞች መጠየቅ የነበረባቸው «ምን ልከልክል?» ሳይሆን «ለዚህ መርፌ ስንት ምግብ ይበቃል?» የሚል ሆነ። የለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል ሐኪም ሮበርት ዳንኤል ሎውረንስ ይህን በራሱ ሰውነት ያውቀው ነበር፤ ራሱ የስኳር ታካሚ ሆኖ በ1923 በኢንሱሊን ሕይወቱ ተርፏል። ምግቡን በጥቁርና በቀይ ከፋፈለ፤ አንድ ጥቁር 10 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ አንድ ቀይ ደግሞ የተወሰነ ፕሮቲንና ስብ ማለት ነው። ታካሚው በቀን ስንት ጥቁርና ስንት ቀይ እንደተፈቀደለት ካወቀ፣ የፈለገውን ምግብ ይመርጣል። ለእኔ የዚህ ታሪክ ጀግና ሎውረንስ ነው፤ ሚዛኑን ከሐኪም እጅ ወስዶ በታካሚው ማዕድ ላይ አኖረው።

በ1950 በአሜሪካ የወጣው የምግብ ልውውጥ ዝርዝር፣ አንዱን የዳቦ ድርሻ በ15 ግራም የሚቆጥረው፣ የዚሁ ሐሳብ ልጅ ነው። በ1993 የታተመው ትልቁ የአሜሪካና የካናዳ ጥናት ስኳርን ከመደበኛው ደረጃ ማቅረብ ዓይንን፣ ኩላሊትንና ነርቭን እንደሚጠብቅ ካሳየ በኋላ፣ መርፌን ከምግብ ጋር ማመጣጠን የሕክምናው ዋና ሥራ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር የቆየውን የስኳር እገዳ አንሥቶ ትኩረቱን ወደ ካርቦሃይድሬቱ አጠቃላይ መጠን አዞረ።

ይህ ማለት እንጀራን እንደልብ ብሉ ማለት አይደለም። የሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለባቸው፣ በተለይ ክብደት የጨመሩ ሰዎች፣ የቡሻርዳ ምክር ዛሬም ይጠቅማቸዋል። ያው ማኅበር በ2019 ለሁሉም የሚሆን አንድ የካርቦሃይድሬት መጠን እንደሌለ፣ መቀነሱ ግን ደም ውስጥ ያለውን ስኳር ለማውረድ በብዙ ማስረጃ እንደሚደገፍ ገልጿል። መለካትና መቀነስ አይጣሉም፤ የሚያጣሉት መድኃኒቱን ሳይጠይቁ አንዱን ምክር ለሁሉም የሚያድሉ ሰዎች ናቸው።

የእኛ ችግር ደግሞ ልኬቱ ነው። እንጀራ እንደ ምጣዱ ስፋትና እንደ ጋጋሪዋ እጅ ይለያያል። ከመሶብ በጋራ ሲበላ፣ ጉርሻ ሲጨመር፣ የበላነውን ማን ይቆጥራል? እንጀራ ትቶ ፓስታ ወይም ቂንጬ የያዘ ሰው ስታርቹን አልተወም፤ ቀይ ጤፍ ስለሆነ ስኳር የለውም የሚለውም አይደለም። ሽሮም ድንችም በሶም ከቁጥር ይገባሉ። ስለዚህ ለታካሚዎቼ ድርሻቸውን አስቀድመው በራሳቸው ሳህን እንዲያወጡ፣ ለጥቂት ቀናት የቤታቸውን እንጀራ በኩሽና ሚዛን እንዲመዝኑ፣ ከበሉ ከሁለት ሰዓት በኋላ ስኳራቸውን ለክተው እንዲጽፉ እነግራቸዋለሁ። ጾም ሲመጣም መርፌው ሳይስተካከል አይጾምም፤ ሐኪማቸውንና የንስሐ አባታቸውን አስቀድመው ያማክሩ እላለሁ።

የአገራችን ምግቦች የንጥረ ነገር ሠንጠረዥ አለን፤ የጎደለው እያንዳንዱ የክትትል ክፍል ያንን ወደ እንጀራ ቁራሽ፣ ወደ ሽሮ ጭልፋ ቀይሮ በታካሚው እጅ ማኖሩ ነው። ሎውረንስ ለዳቦ ያደረገው ለጤፍ ሊደረግ ይችላል፣ ይገባልም። እስከዚያው የሚመክራችሁን ሰው ጠይቁት፦ የትኛውን መድኃኒት እንደምወስድ ታውቃለህ? ካላወቀ፣ የሚሰጣችሁ ምክር ከኢንሱሊን በፊት የነበረ ምክር ነው።