የተጻፈውና የሚመረጠው

ያደግኩት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ አጎቴ ሱቅ ውስጥ ነው። ኪሳራም ይምጣ ሞት፣ የአጎቴ መልስ አንድ ነው፦ «የተጻፈ ነው።» የአክስቴ ልጅ በመተማ በኩል ወጥቶ ድምፁ ሲጠፋም እንዲሁ አለ። እኔ ግን ዝም አልኩ። የመንገዱን ገንዘብ የሰጠሁት እኔ ነበርኩ።

ያኔ ነው የአባ ማሃሪን ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት። እ.ኤ.አ. በ1862፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ ሚሲዮናውያን የቤተ እስራኤልን ሃይማኖት ሊያስቀይሩ ሲጥሩ፣ እኚህ መነኩሴ «ጊዜው ደርሷል» ብለው ተነሱ። ብዙ ሰው ተከትሏቸው ከጎንደር አካባቢ ወደ ኢየሩሳሌም በእግር ጉዞ ጀመረ። ቀይ ባሕር እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈልልናል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። ትግራይ ላይ ረሃብና በሽታ ብዙዎቹን ጨረሳቸው። ከተረፉት የተወሰኑት ተመለሱ።

እግዚአብሔር ይህን መጨረሻ ቀድሞ ካወቀ፣ መነሳታቸው በእርግጥ ምርጫ ነበር?

ቤተ እስራኤል በግዕዝ ኦሪት እንጂ ታልሙድ አልነበራቸውም። በሌላው ዓለም ያሉ የአይሁድ ሊቃውንት ግን በዚህ ጥያቄ ለዘመናት ተከራክረዋል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ማይሞኒደስ «ሰው ነጻ ነው፣ እግዚአብሔርም ሁሉን ያውቃል፤ ዕውቀቱ ግን እንደኛ ዕውቀት ስላልሆነ አንደርስበትም» የሚል ሐሳብ አቀረበ። በዘመኑ የነበረው ራአባድ ተቆጣ፦ መፍታት የማትችለውን ጥያቄ ለምን ታነሳለህ? ከዚያ ራሱ መልስ ሞከረ፦ ኮከብ ቆጣሪ የሚሆነውን ቢያውቅም አያስገድድም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ጌርሶኒደስ ደፈር ብሎ፣ ሰው የቱን እንደሚመርጥ እግዚአብሔርም ቀድሞ አያውቅም እስከ ማለት ደረሰ።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ስለሆነ የራአባድ ሐሳብ ቶሎ ገባኝ። ሎግ ፋይል ሲስተሙ የሠራውን ይመዘግባል እንጂ አያዘውም። ችግሩ፣ ሎግ የሚጻፈው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ምሳሌዬ እዚህ ላይ ይሰበራል።

ከአባ ማሃሪ 120 ዓመት ገደማ በኋላ ቤተ እስራኤል እንደገና በእግር ተነሱ፣ አሁን በሱዳን በኩል። በ1984 መጨረሻ በተጀመረው ዘመቻ ሙሴ ብዙ ሺህ ሰዎች በአውሮፕላን እስራኤል ገቡ። በመንገድና በመጠለያ ካምፕ ግን 4,000 ያህል እንዳለቁ ይነገራል፤ ኢየሩሳሌም ውስጥ መታሰቢያ አላቸው። ተስፋው ያው የ1862ቱ ነው። ሲነሱ ማን እንደሚደርስ፣ ማን እንደሚቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ማይሞኒደስን አሁን የገባኝ እንዲህ ነው፦ የእግዚአብሔር ዕውቀት በእጄ የለም፤ ስለዚህ ላሳብበት አልችልም። ኦሪት ዘዳግምም ሕይወትንና ሞትን አቅርቦ ምርጫውን ለሰው ይተዋል።

ሰሞኑን የአክስቴ ታናሽ ልጅ ገንዘብ ጠየቀኝ። የምመልስለትን እግዚአብሔር ያውቃል። እኔ ገና አላውቅም፤ የምመርጠው ግን እኔ ነኝ።