ከጨው ውኃ የሚጠጣ ውኃ፦ የአንድ አሮጌ ብልሃት ታሪክ

ባለፈው ስብሰባችን ላይ ከቢጠና ቆላ የመጡ አንዲት እናት የጉድጓዳቸው ውኃ ጨው ጨው እያለ ለቡና እንኳ እንዳስቸገራቸው ነገሩን። ሌላ አባላችን ቀበል አድርገው «ፀሐይ የጨው ውኃን ንጹሕ ታደርጋለች ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ከቁጠባችን እንግዛ» አሉ። ሒሳቡን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ነገሩ ከየት እንደመጣ ልወቅ ብዬ ያገኘሁትን እነሆ።

አሠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አረቄ የምታወጣ እናት ታውቀዋለች፤ ጋኑ ሲፈላ እንፋሎቱ በሸምበቆ ያልፍና ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በተቀመጠው ዕቃ ይንጠባጠባል፣ አተላው እዚያው ጋኑ ውስጥ ይቀራል። እዚህ በማገዶው ፋንታ ፀሐይ ትገባለች። ጥቁር ገበታ ላይ የጨው ውኃ ይፈስሳል፣ በላዩ ዘንበል ያለ መስታወት ይከደናል። ውኃው ተንኖ መስታወቱ ላይ እንደ ጤዛ ይይዝና ወደ ጠርዙ ይወርዳል። ጨዉ አይተንም።

በትልቁ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1872 በቺሊ በረሃ፣ ላስ ሳሊናስ በሚባል ቦታ ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ አክሱም ላይ ዘውድ የጫኑበት ዓመት መሆኑ ነው፤ ያኔ ወላይታ ገና በራሷ ካዎዎች ትተዳደር ነበር። ቻርልስ ዊልሰን የተባለ መሐንዲስ ወደ 4,700 ካሬ ሜትር መስታወት ዘረጋ። የጉድጓዱ ውኃ ከባሕር ውኃ አራት እጥፍ ያህል ጨዋማ ነበር። ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን እስከ 23,000 ሊትር ይገኝ ነበር፤ የማዕድን ሠራተኞቹና ጭነት የሚጎትቱት በቅሎዎች ጠጡት። ሥራው ግን ጠባቂ ይፈልጋል፦ ገበታውን ከጨው ማጠብ፣ የተሰበረ መስታወት መተካት።

በእኛ አገር ፀሐይዋ ይህንኑ ሥራ በአፋር፣ አፍዴራ ላይ ትሠራለች። እኛ ግን ውኃውን ለሰማይ ለቀን ጨዉን እንወስዳለን። አሞሌ ገንዘብ ለነበረበት አገር ይህ አይገርምም፤ ሒሳብ ሠራተኛም ብሆን ያኔ ጨው ነበር የምቆጥረው።

ከታሪኩ ሁሉ ደስ ያሰኘችኝ ማሪያ ቴልክስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1900 ቡዳፔስት ተወልዳ አሜሪካ የሠራች ሳይንቲስት ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ባሕር ላይ ለቀሩ ወታደሮች በአየር የሚነፋ፣ ከጀልባ ጋር ታስሮ የሚንሳፈፍ የፕላስቲክ ማጣሪያ ሠራች። በቀን 1 ሊትር ገደማ ይሰጣል። ለገበሬ ቤት ትንሽ ነው፣ ባሕር መሀል ለቀረ ሰው ግን ሕይወት ነው። በ1948 ደግሞ በፀሐይ የሚሞቅ ቤት አሠራች፤ ንድፉን ያወጣችው ሴት፣ ገንዘቡን የሰጠችውም ሴት።

አሁን ወደ ሒሳባችን። የቺሊውን ውኃ ለመስታወቱ ሳካፍል ለ1 ካሬ ሜትር 5 ሊትር እንኳ አይሞላም፣ ያውም በበረሃ ፀሐይ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለመሙላት ከ4 ካሬ ሜትር በላይ መስታወት ይጠይቃል፤ በእኛ ክረምት ደመና ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ ለልብስም ለከብትም አይሆንም። ለመጠጥ ብቻ ከሆነ ግን አንድ ቁም ነገር አለው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ የልጆችን ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድ በማፍላት አይለቅም፤ እንዲያውም ውኃው ሲያንስ ይወፍራል። በዚህ ዘዴ ግን ከጨዉ ጋር ገበታው ላይ ይቀራል።

ለሁሉም ቤት ይገዛ የሚለውን አልደግፍም። አንድ ገበታ በእኒያ እናት ግቢ አሠርተን፣ በየቀኑ የሚገኘውን ሊትር ልጃቸው በደብተር እየጻፈች ብናይ እመርጣለሁ። መስታወቱን ማን ይወለውላል የሚለውም ከአሁኑ ይወሰን። የመስታወቱንና የእንጨቱን ዋጋ ከሶዶ ገበያ ጠይቄ ለሚቀጥለው ስብሰባ አመጣለሁ።