የትሮፒኖን ታሪክና የመቶኛ ምርት ትርጉም

በኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ ተደጋግሞ የሚታይ አንድ ስሕተት አለ። ሁለት ተከታታይ አጸግብሮቶች እያንዳንዳቸው 80 በመቶ ምርት ሰጡ ሲባል፣ ተማሪው አማካዩን ወስዶ ጠቅላላው ምርት 80 በመቶ ነው ብሎ ይመልሳል። ትክክለኛው መልስ ግን 64 በመቶ ነው፤ ሁለተኛው አጸግብሮት የሚነሣው ከመጀመሪያው ከተገኘው ብቻ ነውና። ጉዳዩ የሒሳብ ጨዋታ አለመሆኑን የትሮፒኖን ታሪክ በሚገባ ያስረዳል።

ትሮፒኖን አትሮፒን የተባለውን መድኃኒት ለመሥራት የሚያገለግል ውሁድ ነው። አትሮፒን በአገራችን አስተናግር ከሚባለው ተክል የሚገኝ ሲሆን፣ ሐኪሞች የዓይን ብሌንን ለማስፋት ይገለገሉበታል። ጀርመናዊው ሪቻርድ ቪልሽቴተር በ1901 እ.ኤ.አ. ከሳይክሎሄፕታኖን ተነሥቶ በብዙ እርከኖች አልፎ ትሮፒኖንን ሠራ። ሥራው ታላቅ ቢሆንም ጠቅላላ ምርቱ 0.75 በመቶ ብቻ ነበር።

ይህ በክብደት ሲተረጎም ምን ማለት ነው? አንድ ሞል ሳይክሎሄፕታኖን 112 ግራም፣ አንድ ሞል ትሮፒኖን 139 ግራም ይመዝናል። ሞለኪዩሉ በመንገድ ላይ ናይትሮጅንና ሌሎች አተሞችን ስለሚጨምር፣ መቶኛው የሚሰላው ከሚጠበቀው 139 ግራም እንጂ ከመነሻው 112 ግራም አይደለም። በዚህ ስሌት የሚገኘው 1 ግራም ያህል ብቻ ነው። እዚህ ለመድረስ ደግሞ እያንዳንዱ እርከን ደካማ መሆን አያስፈልገውም፤ 17 እርከኖች እያንዳንዳቸው 75 በመቶ ቢሰጡ ውጤቱ ያው 0.75 በመቶ ይሆናል።

በ1917 እ.ኤ.አ.፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ እንግሊዛዊው ሮበርት ሮቢንሰን ሌላ መንገድ አሳየ። የሞለኪዩሉን ቅርጽ መርምሮ በሐሳቡ ወደ ቀላል ክፍሎች ከፈለው፤ ከዚያም ሱክሲናልዲሃይድን፣ ሜቲላሚንንና የአሴቶንዲካርቦክሲሊክ አሲድን ጨው በአንድ ዕቃ ውስጥ አዋሐደ። ይህ ዘዴ ከጊዜ በኋላ ተሻሽሎ ከ90 በመቶ በላይ ምርት ሰጥቷል። ይኸውም ከአንድ ሞል ሱክሲናልዲሃይድ ከ125 ግራም በላይ ትሮፒኖን ማለት ነው። እርግጥ የመነሻ ውሁዶቹም ራሳቸው መሠራት እንዳለባቸው መዘንጋት አይገባም።

ከዚህ ታሪክ መምህራን የሚያገኙት ትምህርት ግልጽ ነው። ተማሪው በየእርከኑ በመጀመሪያ የሚጠበቀውን ክብደት በሞል አስልቶ ይጻፍ፤ ቀጥሎ መቶኛዎቹን ያባዛ። ያን ጊዜ እርከን መቀነስ ለምን የኬሚስቶች ዋና ጥረት እንደ ሆነ በራሱ እጅ ካገኘው ቁጥር ይረዳዋል።