የባሕር ዳር ታሪክና ያልተጠየቁት ባለ ታንኳዎች

ስለ ባሕር ዳር ታሪክ በተጠየቅን ጊዜ እኛ ተማሪዎች የምንሰጠው መልስ አንድ ዓይነት ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን እንጠራለን፤ በግቢው የሚገኘውንና በ17ኛው መቶ ዓመት ፔድሮ ፓኤዝ እንዳሠራው የሚነገርለትን ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት እናነሣለን። ቀጥለንም በ1953 ዓ.ም. የተቋቋመውን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተከፈተውን ፖሊቴክኒክ እንቆጥራለን። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሕንፃ ታሪክ እንጂ የሰው ታሪክ አይደለም።

ከፋብሪካውም ከአስፋልቱም አስቀድሞ በሐይቁ ዳር ይኖሩ ከነበሩት መካከል ነገደ ወይጦ የሚባሉት ይገኛሉ። ደንገል ቆርጠው፣ አድርቀውና እየጠፈሩ ታንኳ ይሠራሉ። ይህ ታንኳ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ከሐይቁ ወጥቶ ፀሐይ መመታት አለበት። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ገበያ እንጨት ሲያመላልስ የኖረው እርሱ ነው። ሆኖም ወይጦዎች ቀድሞ ጉማሬ አድነው ሥጋውን ይበሉ ስለ ነበር፣ እነርሱ እስላም ነን ቢሉም እስላሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት ከማዕዳቸው ይርቅ ነበር። የጥንት ቋንቋቸው ጠፍቷል፤ የየትኛው ቋንቋ ዘመድ እንደ ነበረም ሊቃውንት አልተስማሙም። በ1961 ዓ.ም. ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ራ በተባለች የደንገል ጀልባ አትላንቲክን ለመሻገር ሲነሣ ደንገሉ የተወሰደው ከጣና ነበር፤ ሠሪዎቹ ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ ናቸው። የእኛን ሐይቅ ደንገል ዓለም ሲያውቀው፣ የእኛን ባለ እጆች አላወቀም ማለት ነው።

የከተማችን ታሪክ ከ1928 እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ ያለው በሥልጠኔ ሥዩም ተጠንቶ በ1980 ዓ.ም. ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቀርቧል። ዛሬ ግን ፖሊቴክኒኩና የመምህራን ኮሌጁ ተዋሕደው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ስለ ሆኑ፣ መምህሩና ሽማግሌው የአንድ ከተማ ሰዎች ናቸው። መምህሩ በ1950ዎቹ በጀርመናዊው ማክስ ጉተር መሪነት የተነደፈውን የከተማ ፕላን ዘርግቶ መንገዱን ያሳያል፤ መንገዱ ሲወጣ የማን ጎጆ እንደ ተነሣ፣ ወዴትስ እንደ ሄደ የሚናገረው ግን ሽማግሌው ነው። አንዱ ያለ ሌላው ግማሽ ነው።

የሚያሳፍረውም መጠየቅ አለበት። የታሪክ ምሁሩ አብዱሰመድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዘጌ ቡና ተክል የባሪያ ጉልበት ምን ያህል ቦታ እንደ ነበረው ጽፈዋል። የዘጌን ቡና የምንጠጣ ሁሉ ይህን ማወቅ ይገባናል።

እንዲህ ያለው ጥናት ግን በእንግሊዝኛ ተጽፎ በመደርደሪያ ከቀረ፣ የተናገረው ሽማግሌ ቃሉ በትክክል መጻፉን በምን ያውቃል? በአማርኛ ተመልሶ በሰፈሩ ይነበብ፤ የተሳሳተውንም ባለቤቶቹ ያርሙት። ከሁሉ አስቀድሞ፣ «ወይጦ» የሚለውን ቃል ጎረቤት ብዙ ጊዜ ለስድብ አውሎታልና፣ በመጽሐፉ ላይ በየትኛው ስም መጠራት እንደሚወዱ እነርሱው ይጠየቁ።