የአራዳ ገበያ፣ የፒያሳ ደመወዝና የገበሬው ጤፍ

በዕድሜ የገፉ የፒያሳ ሰዎች በተሰበሰቡበት ቡና ቤት የማይቀር አንድ ጨዋታ አለ። "በእኛ ጊዜ በአምስት መቶ ብር ቤተሰብ ይተዳደር ነበር፤ ታናናሾች ይማሩበት፣ ለወላጅም ይላክበት ነበር" ይባላል። በሺህ የሚቆጠር ደመወዝ እየተቀበለ ወሩን መዝለቅ ያቃተው ወጣት ይህን ሲሰማ የሚመልሰው ያጣል። ጨዋታው ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ጤፍ ላይ ነው። ጤፉ ላይ ሲደረስም ጣት የሚቀሰረው በነጋዴው፣ በደላላው፣ አንዳንዴም "ገበሬው ጎተራውን ዘግቶ ተቀመጠ" እየተባለ በአርሶ አደሩ ላይ ነው።

አምስት መቶ ብሩ ተረት አይደለም። ሆኖም ያ ብር ለምን ያን ያህል ይበቃ እንደነበር፣ ለመብቃቱም ዋጋ የከፈለው ማን እንደሆነ ሲነገር እምብዛም አይሰማም። ጉዳዩን ለመረዳት ፒያሳ ገና ፒያሳ ሳትባል ከነበረው ገበያ መጀመር ያስፈልጋል።

ከጊዮርጊስ ሥር የነበረው ገበያ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ዋና ገበያዋ የተተከለው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ አራዳ ላይ ነበር። ትልቁ የገበያ ቀን ቅዳሜ ነው። ከሸዋ ገጠሮች ጤፉ፣ ስንዴው፣ ቅቤው፣ ማሩና በርበሬው በአህያና በበቅሎ እየተጫነ ይገባል፤ ማገዶው በሰው ጀርባ ይመጣል። መገበያያው የማርያ ትሬዛ ጠገራ ብር ሲሆን ለጥቃቅኑ ግዢ አሞሌ ጨው ያገለግል ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ በራሳቸው ምስል ገንዘብ ቢያስቀርጹም ባላገሩ ማርትሬዛውን በቀላሉ አልለቀቀም። በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ሥራ ጀመረ፤ በዚያው ዘመን የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ለእንግዶች በሩን ከፈተ፤ የግሪክ፣ የአርመንና የሕንድ ነጋዴዎችም ሱቆቻቸውን ደረደሩ። ዛሬ ብልጡንና ነቃ ያለውን ሰው "አራዳ" የምንለው በዚህ ሰፈር ስም ነው።

በዚያ ዘመን በደመወዝ የሚኖር ሰው ጥቂት ነበር። የቤተ መንግሥቱ ወታደርና ባለሙያ ቀለብና ማደሪያ መሬት ተቆርጦለት ያድራል። ቀለቡ ከግብር ይመጣል፤ ግብሩን የሚያስገባው ገበሬው ነው። የከተማው እንጀራ ገና ከመነሻው የተጋገረው የገበሬው ድርሻ እየተቀነሰ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያኖች ከተማይቱን ሲይዙ አገሬውን ከነጩ ለመለየት ሲሉ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንስተው ወደ ምዕራብ ወሰዱት። መርካቶ የተመሠረተው እንዲህ ነው። አራዳ መሐል የቀረው የንግድ ሰፈር ደግሞ በቋንቋቸው ፒያሳ ተባለና ስሙ ከእነርሱ መውጣት በኋላም ቀረ። ወራሪው የወረቀት ሊሬውን በገበሬው ላይ ለመጫን ቢሞክርም ገበሬው እህሉን በወረቀት መስጠቱን ስለጠላው ራሱ ጣሊያን ማርትሬዛ ለማስቀረጽ ተገዷል። ለማይተማመንበት ገንዘብ እህል ላለመስጠት ገበሬው ያሳየው ጥንካሬ በታሪክ መጻሕፍት ከተሰጠው ቦታ የበለጠ ይገባው ነበር።

ሽልንግ፣ ስሙኒና የየካቲቱ ነዳጅ

አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በሐምሌ 1937 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ኀምሳ ሳንቲሙ ሽልንግ፣ ሃያ አምስቱ ስሙኒ ተባሉ፤ ሁለቱም ኪስ ውስጥ ክብደት የነበራቸው ሳንቲሞች ናቸው። ፒያሳም ያማረባት በእነዚህ ዓመታት ነው። ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ ኢምፓየር፣ የወርቅ ቤቶቹ፣ የኬክ ቤቶቹ፣ በ1945 ዓ.ም. የተከፈተው ቶሞካ ቡና፣ ሁሉም የመንግሥት ሠራተኛውን ኪስ ተስፋ ያደረጉ ነበሩ። ከዩኒቨርሲቲ በዲግሪ የተመረቀ ወጣት 500 ብር መነሻ ደመወዝ ያገኝ የነበረው በዚህ ጊዜ ነው። ዶላር በ2 ብር ከ50 ሳንቲም ይመነዘር ስለነበር 500 ብር ማለት 200 ዶላር ነበር። ብሩ በ1960ዎቹ አጋማሽ ወደ 2 ብር ከ7 ሳንቲም ሲጠናከር ደግሞ ወደ 240 ዶላር ደረሰ።

ይህን ደመወዝ ያገኝ የነበረው ግን እፍኝ የማይሞላ ሰው ነው። የፒያሳን ድንጋይ ያነጠፈው የቀን ሠራተኛ፣ ሊስትሮው፣ ተሸካሚውና የቤት ሠራተኛዋ በዚያ ስሌት ውስጥ አልነበሩም። ጤፉም ርካሽ የነበረው ከመሬቱ ለምነት ብቻ አልነበረም። በብዙ የደቡብና የሸዋ አካባቢዎች ጭሰኛው የምርቱን ሲሶ፣ ከዚያም አልፎ እኩሌታውን ለባለ መሬት ያስረክባል። ብዙው ባለ መሬት የሚኖረው ከተማ በመሆኑ እህሉ በባለ መሬቱ በኩል ገበያ ይወጣል። ጭሰኛው እንዲሸጥ አይለመንም ነበር፤ ቀድሞውኑ ተወስዶበታልና።

በ1966 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የነዳጅ ዋጋ ንረት አገር ውስጥ ገባ። የካቲት 11 ቀን የታክሲ ነጂዎች በነዳጁ ጭማሪ፣ መምህራኑ በደመወዝና በትምህርት ዘርፍ ክለሳው ምክንያት ሥራ አቆሙ። ንጉሠ ነገሥቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ የነዳጁ ዋጋ እንዲቀነስ ቢያደርጉም ነገሩ አልበረደም። ወታደሩ ለደመወዝና ለኑሮው ጮኸ፤ የካቲት 20 ካቢኔው ወደቀ፤ የካቲት 28 ደግሞ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በአገሪቱ የመጀመሪያ የሆነውን ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ መታ። በዚያው ወቅት በወሎ ገበሬው በረሃብ አልቆ ነበር።

ቀበሌ ቤትና ኮታ

የዛሬዎቹ የፒያሳ ጡረተኞች "በእኛ ጊዜ" ሲሉ አብዛኞቹ የሚያወሩት ከዚህ በኋላ ስለመጣው ዘመን ነው። አስገራሚው ነገር፣ የደመወዝ መቆም የተጀመረው ያኔ መሆኑ ነው። የዲግሪ መነሻው በንጉሡ ጊዜ 500 ነበር፤ በደርግ ዘመንም 500 ሆኖ ቀጠለ። ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ 50 ብር ነበር። ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የአዲስ አበባ የችርቻሮ ዋጋ ከሦስት እጥፍ በላይ ስለጨመረ፣ በደርግ መጨረሻ የተመረቀው ወጣት 500 ብር የታላቅ ወንድሙን 500 ብር ሲሶ እንኳ አይገዛም ነበር።

ታዲያ እንዴት ተኖረ? ሁለት ነገሮች ደግፈውታል።

አንደኛው ቤቱ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ የኪራይ ዋጋም ቀነሰ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ለቀበሌ ተሰጡ። በዶሮ ማነቂያ፣ በሠራተኛ ሰፈር፣ በጊዮርጊስ ዙሪያ ባሉት የጭቃና የእንጨት ቤቶች የሚኖረው ሰው ጥቂት ብር እየከፈለ፣ ጓዳውን እየቀጠለ፣ ደባል እያስገባ ልጆቹን አሳደገ። ኪራዩ ለአሥርት ዓመታት ሳይነካ ቆየ። ጣሪያው ሲያፈስ የሚጠግነው አልነበረም፤ መጸዳጃውም ለብዙ አባወራ አንድ ነበር። ቢሆንም ደመወዙ ላይ ኪራይ አፉን አልከፈተበትም።

ሁለተኛው የቀበሌ ሱቅ ነው። ጤፉ፣ ስንዴው፣ ስኳሩ፣ ዘይቱ በራሽን ካርድ በተቆረጠ ዋጋ ይታደል ነበር። ያ እህል ከየት መጣ? የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ገበሬው ከባለ መሬት ተላቀቀ፤ ከዚያ በፊት ለሌላው ያስረክበው የነበረውን ከልጆቹ ጋር መብላት ጀመረ። ወደ ከተማ የሚወርደው እህል ሲቀንስ የከተማው ዋጋ ናረ። መንግሥትም የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅትን አቋቁሞ በየገበሬው ማኅበር ላይ ኮታ ጣለ። ድርጅቱ የሚከፍለው ዋጋ ለዓመታት ሳይሻሻል ቆይቶ ከነፃው ገበያ ግማሽ የማይሞላበት ጊዜ ነበር። ምርት የከዳው ገበሬ በግ ሸጦ፣ እህሉን ከገበያ በውድ ገዝቶ፣ ለድርጅቱ በርካሽ ያስረክባል። ይህንን በየገጠሩ የሚያስታውሱ አባቶች ዛሬም አሉ፤ "ኮታ" የሚለው ቃል ሲጠራ ፊታቸው ይለወጣል። እህል ከአንድ አውራጃ ወደ ሌላው እንዳያልፍ ኬላ ቆሞበት ስለነበር ከቤቱ ሁለት ኩንታል ጭኖ የወጣው ሰው እንደ ኮንትሮባንዲስት ይያዝ ነበር።

የፒያሳው ደመወዝተኛ ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም። እሱም የተሰለፈው የተሰጠውን ካርድ ይዞ ነው። ነገር ግን 500 ብሩ የቆመው በራሱ አቅም ሳይሆን ቤቱ ከተወረሰበት ሰውና እህሉ በኮታ ከተወሰደበት ገበሬ በተገኘ ድጎማ ነበር። ሁለቱም የድጋፉ ባለቤቶች ሳይጠየቁ ነው የከፈሉት።

ድጋፎቹ ሲነሱ

በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ኮታና ኬላ ቀረ። በመስከረም 1985 ዓ.ም. ማብቂያ አካባቢ ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም በአንድ ጊዜ 5 ብር ሆነ። በ1989 ዓ.ም. የማዳበሪያ ድጎማ ተነሳ። ገበሬው በነፃ ገበያ መሸጥ ቻለ፤ ግብዓቱንም በነፃ ገበያ ዋጋ መግዛት ጀመረ። ምርት በበረከተ ዓመት ዋጋው ወድቆ የማዳበሪያ ዕዳውን መክፈል ያቃተው ብዙ ነበር። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 መሠረታዊ ማኅበራት በዩኒየን እንዲደራጁ መንገድ የከፈተው በዚህ መሐል ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉም ያውቀዋል። በሐምሌ 2000 ዓ.ም. የዋጋ ግሽበቱ ከ60 በመቶ በላይ ደርሶ በየቀበሌው የተደጎመ ስንዴ ታደለ። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ቢጥል እቃው ከመደርደሪያ ጠፋና ከወራት በኋላ አብዛኛው ተነሳ። ሽልንግና ስሙኒ ከመገበያያነት ወጡ፤ አንድ ብር ራሱ ሳንቲም ሆነ፤ በመስከረም 2013 ዓ.ም. ባለ 200 ብር ኖት ወጣ። በ2016 ዓ.ም. አንድ ኩንታል ነጭ ጤፍ አዲስ አበባ ውስጥ ከ10 ሺህ ብር በላይ ተሸጠ። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ።

ደመወዝም ጨርሶ አልቆመም። ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ50 ወደ 105፣ ኋላም ወደ 320ና 420 ብር አድጎ፣ በ2017 ዓ.ም. 4,760፣ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ 6,000 ብር ሆኗል። የዲግሪ መነሻው 11,500 ብር ነው። በቁጥር ከ500 ብር 23 እጥፍ ነው። ወደ ዶላር ሲቀየር ግን ጭማሪው በተደረገበት ጊዜ ምንዛሪ ወደ 80 ዶላር ይሆናል፤ የ1960ዎቹ ምሩቅ 240 ያገኝ ነበር፤ የዚያን ጊዜው ዶላር ደግሞ ከዛሬው ብዙ እጥፍ ይገዛ ነበር። ለግል ድርጅት ሠራተኛማ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በአገር ደረጃ እስካሁን የለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ወለሉን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይላል።

ልጅ ከአባቱ የባሰበት በዋናነት ቤት ላይ ነው። አባት በቀበሌ ቤት በጥቂት ብር ኖረ፤ ልጅ ጎጆ ሲወጣ የግል ቤት አከራይ እጅ ወደቀ። በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ከተመዘገቡት ብዙዎቹ ፀጉራቸው እስኪሸብት ቆጥበዋል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ደግሞ ዶሮ ማነቂያና በዙሪያው ያሉ የፒያሳ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ፈረሱ። የቀበሌ ቤት ነዋሪዎች ወደ ከተማዋ ዳርቻዎች ሲዛወሩ፣ በእነርሱ ጓዳ ደባል የነበረው ግን ስሙ በመዝገብ ስላልነበረ በራሱ መንገድ ሄደ።

የገበሬው መሸጫ ከፒያሳ የወጣው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም ለዓመታት የሚራገፍበት የፒያሳው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛወረ። አራዳ ላይ ምርት በጅምላ የሚራገፍበት ዘመን በዚህ አበቃ።

በዚሁ ጊዜ ገጠሩም ሌላ ሒሳብ ይሠራ ነበር። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የማዳበሪያ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ጨመረ። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ መነሳት ሲጀምር ጤፉን ከማሳ ወደ ከተማ የሚያደርሰው የጭነት መኪና ኪራይም ተከተለ። ከከተማ የሚገዛው ጨርቅ፣ ሳሙና፣ ቆርቆሮ፣ የልጅ ደብተር፣ ሁሉም ወደ ላይ ወጣ። ገበሬው ኩንታሉን በ10 ሺህ ሸጠ ሲባል ቁጥሩ የአዲስ አበባው የችርቻሮ ዋጋ እንጂ የማሳው አይደለም፤ በመካከሉ ሰብሳቢው፣ ደላላው፣ ጫኚና አውራጁ፣ የጅምላ ነጋዴውና ወፍጮ ቤቱ አሉ።

ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የተስፋፉት የቅዳሜና እሁድ ገበያዎች ይህን ሰንሰለት ለማሳጠር የተከፈቱ ናቸው። ዩኒየኖች ከሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር ውል ይዘው ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽንኩርት ያቀርባሉ። መኪናው ዘግይቶ የደረሰ ዕለት ሰልፉ ረጅም ነው። ከሰልፈኞቹ መካከል በልጅነታቸው የራሽን ካርድ ይዘው እናታቸውን ተከትለው የቀበሌ ሱቅ ደጃፍ የቆሙ አሉ። የያኔውን ጤፍ ያመጣው ገበሬ ግን አጠገባቸው አልነበረም፤ አሁን ከመኪናው ላይ ሆኖ ሚዛኑን የሚያየው የማኅበሩ ተወካይ የዚያ ገበሬ ልጅ ሊሆን ይችላል።