ሹላሚት ፋየርስቶንና የ«ቆይ» ፖለቲካ

የ1960ዎቹ የአሜሪካ ግራ ክንፍ ስለ ጭቆና የማያውቀው ነገር ያለ አይመስለውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 ቺካጎ ላይ ትልቅ ጉባኤ ሲጠራ፣ የ22 ዓመቷ ሹላሚት ፋየርስቶንና ጓደኛዋ ጆ ፍሪማን ሌሊቱን ሲጽፉ ያደሩትን የሴቶች የውሳኔ ሐሳብ ይዘው ቀረቡ። ሰብሳቢው ለውይይት አላቀርብም አለ። ሹላሚት ወደ መድረኩ ስትወጣ ራሷን እንደ ሕፃን ዳበስ አድርጎ፣ ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ እንዳለባቸው ነገራት። ጉድ በሉ እንግዲህ! ይህን ያደረገው ተራማጁ ነው፤ አድሃሪውማ በጉባኤው አልነበረም።

እሷ ግን አኩርፋ ቤቷ አልገባችም። ኒውዮርክ ሄዳ ከሌሎች ጋር «የኒውዮርክ ራዲካል ሴቶች»ን መሠረተች። በ1968 ያወጡት መጽሔት እንደዚችው እንደኛዋ በታይፕ ተመትቶ በማባዣ የተባዛ ነበር። ዋጋው ለሴት 50 ሳንቲም፣ ለወንድ 1 ዶላር! (ወንድሞቻችን አትደንግጡ።) በ1969 መጀመሪያ ደግሞ ዋሽንግተን ላይ በኒክሰን ተቃዋሚዎች ሰልፍ ሴቶቹ ሲናገሩ፣ የገዛ ሰልፈኞቻቸው በጸያፍ ስድብ ጮኹባቸው።

«የፆታ ዲያሌክቲክ» የተባለው መጽሐፏ በ1970 ሲወጣ ገና 25 ዓመቷ ነበር። ማርክስንና ኤንግልስን አልጣለቻቸውም፤ ዘዴያቸውን ወስዳ አንድ እርከን ወደ ታች ቆፈረች እንጂ። ከመደብ ክፍፍል በፊት፣ መውለድና ማሳደግ በሴት ጫንቃ ላይ የተጣለበት ክፍፍል አለ ትላለች። እንግዲያው ፋብሪካው የሠራተኛው ሆኖ ማድቤቱ እንደነበረ ከቀረ አብዮቱ ግማሽ ነው። እኛስ በየስብሰባችን ቃለ ጉባኤ የሚይዘው፣ ሻይ የሚያፈላው ማነው?

መፍትሔዋን ግን እንዳለ አንውጠውም። ጽንስ ከማሕፀን ውጭ ያድግ ስትል፣ መሣሪያው በማን እጅ ይሁን የሚለውን ጥያቄ ራሷም አንስታ በቅጡ አልቋጨችውም። ስለ ዘር የጻፈችው ምዕራፍማ ደካማ ነው፤ አንጄላ ዴቪስ በ1981 የተቸቻት በከንቱ አይደለም። ቢሆንም «ቆይ፣ ሴቶች በኋላ» የሚለውን መልስ ከዚያ መጽሐፍ ወዲህ እንደ ድሮው በድፍረት መናገር አስቸጋሪ ሆኗል።

መጽሐፉ ሲወጣ ሹላሚት ከንቅናቄው ራቀች። ኋላም የአእምሮ ሕመም ጸናባት። ሴቶች ተሰባስበው ሲንከባከቧት ተሻላት፤ በ1998 የአእምሮ ሆስፒታል ሰዎችን ሕይወት የሚተርክ መጽሐፍ አሳተመች። አስታማሚዎቿ ሲበተኑ ሕመሙ ተመለሰ። በነሐሴ 2012 ኒውዮርክ፣ ብቻዋን በምትኖርበት ቤቷ ሞታ ተገኘች።